ከሊስትሮ ሣጥን እስከ ክቡር ዘበኛ መድረክ

በሥራ ቀን ማለዳ በመርካቶ በኩል የሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚቀበለው የሰው ድምፅ ነው። ተሸካሚው «ዞር በል!» ይላል፤ ነጋዴው ደንበኛውን ይጣራል፤ አህያ ነጂው በአህያው ላይ ይጮኻል። መንገደኛው ከሸራ ተራ ወደ ጎማ ተራ፥ ከጎማ ተራም ወደ ምን አለሽ ተራ ሲዞር ጩኸቱ ዓይነቱን ይለዋውጣል እንጂ አያቋርጥም። በአንድ ወገን የአንዋር መስጊድ አዛን፥ በሌላው ወገን የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማል፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸውና። ከዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል ግን ጆሮውን ያቀና ሰው አንዲት ትንሽ ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ይህች ድምፅ ጫማ የሚጠርግ ልጅ በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ኳ ኳ ሲያደርግ የምትሰማው ናት። ትርጓሜዋም «አንዱ እግር አልቋል፤ ሌላውን አምጣ» ማለት ነው። ደንበኛው ጋዜጣውን ከዓይኑ ሳያነሣ እግሩን ይለውጣል። የልጁን ፊት ግን አያየውም።

ዛሬ ለአንባቢያችን የምናቀርበው ታሪክ ፊታቸውን ሳናየው ካለፍናቸው ከእነዚህ ልጆች ስለ አንዱ ነው። ይህ ልጅ ማሕሙድ አህመድ ነው። ዕድሜውና ዝናው «አንቱ» የሚያሰኘው ቢሆንም፥ ሕዝቡ በፍቅር «ማሕሙድ» ብሎ እንደሚጠራው እኛም እንዲሁ ብንጠራው ቅር የሚለው አንባቢ አይኖርም ብለን እናምናለን። ስለ ታላቅነቱ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ ልንመረምረው የፈለግነው ግን ከታላቅነቱ በፊት የነበረውን ዘመን ነው፤ ይኸውም ልጁ ሣጥኑን አንግቶ ከዞረበት ጊዜ ጀምሮ መድረክ ላይ እስከ ወጣበት ሌሊት ያለው ነው። አንድ ጥያቄ አለንና። ያ ሌሊት ዕድል ነበርን ወይስ ሥራ?

በአንድ ዓመት የተወለዱ ሦስት ድምፆች

ማሕሙድ የተወለደው ሚያዝያ 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚሁ በመርካቶ ሠፈር፥ ከጉራጌ ወገን ከሆነ ቤተሰብ ነው። ቀኑን ልብ ይሏል። ንጉሠ ነገሥቱ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። ሕፃኑ የተወለደው እንግዲህ ከተማይቱ ነፃነቷን ባገኘች በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው።

ገበያው ራሱ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበር። ቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ በአራዳ፥ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም እንደ ነበረ አረጋውያን ይተርኩታል። የኢጣልያ መንግሥት አገራችንን በያዘበት ዘመን የነጩን ሠፈር ከአገሬው ሠፈር ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ሠፈሩ አዲስ ከተማ፥ ገበያውም በጣልያንኛው ቃል መርካቶ ተባለ። ሰውን ከሰው ለመለየት የተቆረቆረው ሠፈር ግን ውሎ አድሮ የኢትዮጵያን ሰው ሁሉ የሚያገናኝ ሆነ። ከጉራጌ አገር፥ ከሸዋ፥ ከወሎ፥ ከሐረር፥ ከጎንደር፥ ከጎጃምና ከትግራይ ሰው መጣ፤ ከሸቀጡም ጋር ቋንቋውንና ዘፈኑን ይዞ መጣ። በዚህ ሠፈር ያደገ ልጅ ብዙ ዓይነት ዜማ ለመስማት ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም። ከደጃፉ ወጥቶ መቆም በቃው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ጥላሁን ገሠሠ የተወለደው በመስከረም 1933 ዓ.ም. ነው። ኋላ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» የተባለው ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ተወለደ። ሦስቱም በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ወደዚህ ዓለም መምጣታቸው ነው። ጥላሁን በክቡር ዘበኛ፥ ዓለማየሁ በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ በኩል ስማቸው ተጠራ። የሦስተኛው መንገድ ግን ከሁለቱ ይልቅ ጠመዝማዛ ነበር።

ራዲዮውና ሣጥኑ

ማሕሙድ በትምህርት ቤት እንደ ቀናው ሆኖ የቆየ ልጅ አልነበረም። ቀለም አልገባ አለው። ልቡን የወሰደው በራዲዮ የሚሰማው ሙዚቃ ነበር። በዚያ ዘመን ራዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነበርና አንዱ ራዲዮ የብዙ ሰው ነበር፤ መንገደኛው ጆሮውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ይሄዳል። የጥላሁን ድምፅ በአየር ሲመጣ ሥራውን አቁሞ የማያዳምጥ አልነበረም ይባላል። ማሕሙድ ከአዳማጮቹ ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሌላው ሰው ዘፈኑን ሰምቶ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ እሱ ጉዳዩ ያው ዘፈኑ ሆኖበት ቀረ።

ትምህርቱን ያልያዘ የመርካቶ ልጅ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ማሕሙድም የሊስትሮ ሣጥን አነገተ። «ሊስትሮ» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ማንጸባረቅን የሚያመለክት ነው፤ ሥራው ግን በእኛ አገር የራሱን ወግ ይዟል። ሣጥኑ መቀመጫም፥ የእግር ማሳረፊያም፥ የዕቃ ቤትም ነው። በውስጡ ብሩሹ፥ ቀለሙና ጨርቁ ይቀመጣሉ። የክረምት ጭቃ ሥራ ይጨምራል፤ የክረምት ዝናብ ደግሞ ሠራተኛውን ያሳድዳል። ገቢው ሳንቲም ነው። ከጉራጌ አገር ወጥተው በዚህ ሥራ ጀምረው፥ ሳንቲም በሳንቲም ላይ አጠራቅመው፥ ኋላ ባለ ሱቅ የሆኑ ሰዎች በመርካቶ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በመርካቶ ሰው ዓይን የሊስትሮ ሣጥን ነውር አልነበረም፤ የንግድ መጀመሪያ ነበር።

ነውር የነበረውስ ዘፈን ነው። ይህን ሳንደብቅ መናገር ይገባናል። በአገራችን ዘፋኝን ወዶ ማዳመጥና ዘፋኝን አክብሮ ማየት ለብዙ ዘመን ተለያይተው የኖሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። በሠርግ ላይ የሸለመውን አዝማሪ በማግሥቱ በመንገድ ሲያገኘው ሰላም የማይለው ሰው ብዙ ነበር። ወላጅ ልጁን «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ?» ብሎ ሲቆጣ ስድብ መናገሩ ነው እንጂ ጥያቄ መጠየቁ አይደለም። እንግዲህ ትምህርት ያልሆነለት፥ ሣጥን ያነገተ፥ ልቡ ግን በዘፈን የተያዘ ልጅ ምን ተስፋ ነበረው? ሰው አይቶ ቢፈርድ «የለውም» ማለቱ አይቀርም ነበር።

አሪዞና ክለብ

ማሕሙድ ጥቂት ከፍ ሲል ሣጥኑን አስቀምጦ በአዲስ አበባ በነበረ «አሪዞና ክለብ» በተባለ የምሽት መዝናኛ ቤት ሥራ አገኘ። ሥራው የታወቀ ስም አልነበረውም። የተገኘውን ሁሉ መሥራት ነው፤ ሲልኩት መሄድ፥ ሲጠሩት አቤት ማለት፥ የተበላሸውን ማቃናት ነው። ነገር ግን ይህ ቤት እንደ ሌላው የምሽት ቤት አልነበረም። የክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሰዎች መደበኛ ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ማታ ማታ የሚሰበሰቡበትና የሚጫወቱበት ቤት ነበር።

ለዛሬ ወጣት ክቡር ዘበኛ ምን እንደ ነበረ ማስረዳት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጫወቱት ታላላቅ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ነበሩ፤ ክቡር ዘበኛ፥ ምድር ጦር፥ ፖሊስ ሠራዊት፥ ሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር እነዚሁ ናቸው። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ በወታደሩ ወገን ያለው ደግሞ የደንብ ልብስ ለባሽ ነው። ትሩምባውንና ሳክስፎኑን በኖታ ይማራል፤ በየቀኑ ይለማመዳል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ክቡር ዘበኛ ጥላሁን ገሠሠንና ብዙነሽ በቀለን የመሰሉ ድምፃውያን የያዘ ነበር። በዜማ ድርሰቱም እንደ ሣህሌ ደጋጎ ያለ ባለሙያ ነበረው።

ይህ ቤት ግን በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ታላቅ ማዕበል መታው። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ፤ ጦሩ በሙሉ በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ጥላሁን ገሠሠ እንኳ ሳይቀር ለእስራት ተዳረገ። የሙዚቃ ክፍሉ ከዚህ በኋላ እንደገና መቋቋም ነበረበት። ማሕሙድ በአሪዞና ክለብ ጓዳ የሚያገኛቸው ሙዚቀኞች እንግዲህ ከዚህ ማዕበል የወጡ ሰዎች ነበሩ።

በ1962 እ.ኤ.አ. ከዕለታት በአንዱ ምሽት ጨዋታው ሊጀመር ሲል የዘወትሩ ዘፋኝ ቀረ። ሙዚቀኞቹ መሣሪያቸውን አንሥተዋል፤ ታዳሚው ተቀምጧል፤ ዘፋኝ ግን የለም። በዚህን ጊዜ የቤቱ ተላላኪ ወደ ፊት ወጥቶ ጥቂት ዘፈን እንዲዘፍን ይፈቀድለት ዘንድ ለመነ። ተፈቀደለት፤ ዘፈነ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኦርኬስትራው አባል ሆነ፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስም በዚያው ቆየ።

ታሪኩ በአጭሩ ሲነገር ተረት ይመስላል። አንባቢያችን ግን ተረጋግቶ ያስተውለው። የዘፋኙ መቅረት ዕድል ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ዳሩ ግን ኦርኬስትራው የሚጫወተውን ዘፈን ከነመግቢያው፥ ከነመውጫው፥ ከነማረፊያው የሚያውቅ ተላላኪ በዚያ ቤት መገኘቱ ዕድል አይደለም። ዘፈኑን ያጠናው በዚያች ሌሊት አልነበረምና። ከራዲዮ ሥር በቆመባቸው ዓመታት፥ ትሪና ጠርሙስ ይዞ ከመድረኩ አጠገብ ባለፈባቸው ሌሊቶች ያጠናው ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነው ለአንድ ምሽት ነው፤ ልጁ ለወንበሩ የተዘጋጀው ግን ለብዙ ዓመት ነበር። ደግሞም አንድ የምናልፈው ነገር አለ። «ልዝፈን» ማለት ድፍረት ነው፤ ለተላላኪ «ዝፈን» ማለትም ትሕትና ነው። የቤቱ ሰዎች «አንተ ማን ነህና!» ብለው ወደ ጓዳ ቢመልሱት ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ታሪክ ባልኖረ ነበር።

ባሕር ማዶ ያለ ጓደኛ

የክለቡ ስም የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ስም መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ነገር በአዲስ አበባ ወጣት ዘንድ ተወዳጅ ነበር። በአሥመራ የነበረው የቃኘው የአሜሪካኖች ጦር ሠፈር ራዲዮ የአገሩን ሙዚቃ ያሰማ ነበር፤ ማሕሙድ መድረክ ላይ በወጣበት በዚያው በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አስተማሪዎች ወደ አገራችን ገቡ። ሸክላቸውንና ጊታራቸውን ይዘው የመጡም ነበሩ። ሮክ ኤንድ ሮል የተባለው አዲስ ጨዋታ በዚህ ሁሉ መንገድ ደረሰን።

ይህን ጨዋታ ካቆሙት አሜሪካውያን የአንዱ የልጅነት ታሪክ ከማሕሙድ ታሪክ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ጥቂት እንበል። ሰውየው ጀምስ ብራውን ነው። የተወለደው በ1933 እ.ኤ.አ. ሜይ 3 ቀን በደቡብ ካሮላይና ነው። ማሕሙድም በ1933 ተወለደ፤ ነገር ግን የእሱ 1933 የኛ ነው። በወሩ ቢታይ ልደታቸው በአምስት ቀን ይለያያል፤ በዓመቱ ስምንት ዓመት ይለያያል።

ጀምስ ብራውን ያደገው በጆርጂያ ግዛት በኦጋስታ ከተማ፥ በአክስቱ ቤት በድኅነት ነው። በአገሩ ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር እንዳይቀመጥ ሕግ በሚከለክልበት ዘመን በመንገድ ዳር ጫማ ይጠርግ፥ በአቅራቢያው ለነበሩ ወታደሮች ሳንቲም ለማግኘት ይጨፍር ነበር። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በስርቆት ተፈርዶበት ታሰረ። ከእስር ቤት ሲወጣ ቦቢ ቤርድ የተባለ ሙዚቀኛና ቤተሰቡ ተቀበሉት፤ አብረውም መዝፈን ጀመሩ። በ1955 እ.ኤ.አ. ሊትል ሪቻርድ የተባለው ዘፋኝ ያወጣው ሸክላ ድንገት ዝናው ስለ ገነነ በጆርጂያ የገባውን የመድረክ ውል ጥሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ይህ ሊትል ሪቻርድ ራሱ ጥቂት ቀደም ብሎ በሜከን ከተማ በአውቶቡስ ጣቢያ ሳሕን ያጥብ የነበረ ሰው ነው። በጎደለው በሊትል ሪቻርድ ቦታ እንዲዘፍን የተላከው ጀምስ ብራውን ነበር። በማግሥቱ ዓመት የመጀመሪያ ሸክላው ወጣ። ኋላም በልጅነቱ በደጃፉ ጫማ ይጠርግበት የነበረውን የኦጋስታ ራዲዮ ጣቢያ በገንዘቡ ገዛው። አሜሪካኖች ለሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቀኞች ባቆሙት የክብር መዝገብ በ1986 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተመዘገቡት አንዱ እሱ ነበር።

ሁለቱ ልጆች አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ውቅያኖስ አለ። ሆኖም ሁለቱም ሣጥን አንግተዋል፤ ሁለቱም በሌላ ሰው ባዶ ቦታ ገብተዋል። የጀምስ ብራውን ሸክላ ኋላ አዲስ አበባ ሲደርስ ወጣቱ እንደ ዘመድ የተቀበለው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ማሕሙድ ግን አሜሪካዊ ለመሆን አልሞከረም። ሳክስፎኑንና የኤሌክትሪክ ጊታሩን ተቀበለ፤ ዜማውን ግን ከትዝታና ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ አላስወጣውም። በአማርኛም በጉራጊኛም ዘፈነ። ያ የሚንቀጠቀጥ፥ ወጥቶ ወጥቶ የሚሰበር ድምፁ ከውጭ የተበደረው አልነበረም።

ያለ ሸክላ ዘጠኝ ዓመት

የዛሬ ልጅ ዛሬ ዘፍኖ ነገ በዓለም ሁሉ መሰማት ይፈልጋል። ማሕሙድ ግን መድረክ ላይ ከወጣ በኋላ የራሱን ሸክላ እስኪያወጣ ዘጠኝ ዓመት ቆየ። ምክንያቱ የችሎታ ማነስ አልነበረም። ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበረ የግል ነጋዴ በዚህ ሥራ አይገባም ነበር። ይህን አጥር የደፈረው ዐምኃ እሸቴ የተባለ የሸክላ ቤት ባለቤት ወጣት ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. «ዐምኃ ሬከርድስ»ን አቋቁሞ በመጀመሪያ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አወጣ። በአገራችን የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳውን ውጭ አገር ልኮ አሳትሞ ያስመጣው ነበር። ይከሰሳል ተብሎ ቢፈራም ሕዝቡ ሸክላውን ተሻምቶ ገዛው።

ማሕሙድ በ1971 እ.ኤ.አ. ከቬነስ ባንድ ጋር «ናፍቆት ነው የጎዳኝ» የተባለውን ዘፈን ያለበትን የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው በዚሁ በዐምኃ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ በዐምኃና በካይፋ ስም ሸክላው ተከታትሎ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ፤ የቀድሞው ክቡር ዘበኛም አበቃ። የአሥራ ሁለት ዓመት ደመወዙና ማዕረጉ ያለፈበት ሰው ሌላ ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። ማሕሙድ ግን አይቤክስ ከተባለው የወጣቶች ባንድ ጋር ገጠመና በ1975 እ.ኤ.አ. «እረ መላ መላ»ን ቀዳ። አይቤክስ ኋላ ሮሐ ባንድ የተባለው ነው።

ያ ዘመን ለሙዚቀኛ ጭንቅ ነበር። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ቤቶች ጨዋታ ተቋረጠ ወይም እስኪነጋ በር ተዘግቶ የሚጫወቱበት ሆነ። ዐምኃ እሸቴም በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሸክላ ቀርቶ ካሴት ተተካ።

ሄዶ የተመለሰው

በ1981 እ.ኤ.አ. ዋልያስ ባንድ ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶች የመጀመሪያው ሆኖ ወደ አሜሪካ ለጨዋታ ሄደ። አብረው ከሄዱት ድምፃውያን መካከል ማሕሙድና ጌታቸው ካሣ ነበሩ። አዳማጮቻቸው አብዛኞቹ አገራቸውን ጥለው የወጡ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጉዞው ሲያበቃ ከባንዱ አባላት አራቱ በዚያው ቀሩ። ማንም አይፈርድባቸውም፤ ዘመኑ እንዲያ ነበር። ማሕሙድ ግን ተመለሰ። ተመልሶም በፒያሳ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። የመርካቶ ልጅ ባንኮኒ ኋላ መቆም አይከብደውም። ቀን እየሸጠ ማታ ዘፈነ።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሰው የማሕሙድን ሸክላ ሰምቶ ልቡ ተነካ። በ1986 እ.ኤ.አ. «እረ መላ መላ» በቤልጅግ አገር እንደገና ታትሞ ወጣ፤ አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቅ የኤውሮፓ ሕዝብ ይህን ድምፅ አዳመጠ። ኋላም ፋልሴቶ «ኤትዮፒክ» ብሎ በሰየመው ተከታታይ የሙዚቃ ሥራ ውስጥ ስድስተኛውን፥ ሰባተኛውንና አሥራ ዘጠነኛውን ክፍል ለማሕሙድ ሰጠ። በ2007 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቢቢሲ ራዲዮ ለዓለም ሙዚቃ የሚሰጠውን ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ተቀበለ። በመጨረሻም በጥር 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ተሰናበተ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በአሪዞና ክለብ ከወጣባት ሌሊት አንሥቶ ሲቆጠር ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ መሆኑ ነው።

ለወላጅና ለልጅ

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ይህን ታሪክ የሚያነብ አንድ ወጣት «እንግዲያውስ ማሕሙድም በትምህርት አልቀናውም ነበርና እኔም ደብተሬን ልጣል» ቢል ታሪኩን አልተረዳውም። ማሕሙድ ትምህርት ቤቱ ባይሆንለት ሳይማር የቀረ ሰው አይደለም። የተማረው ሌላ ቦታ ነው፤ የተማረውም ሣጥን እያነገተና እየተላከ፥ ማንም ሳይፈትነው፥ ማንም የምስክር ወረቀት ሳይሰጠው ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ከቀለሙ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በመድረኩ ዙሪያ እንደ እሱ ሲላላኩ ኖረው ወንበሩ ባዶ ሳይሆንላቸው የቀሩም ይኖራሉ፤ ስማቸውን ማንም አይጠራውም። ስለዚህ የአንዱን መውጣት አይቶ መንገዱ ሰፊ ነው ብሎ መሳሳት አይገባም።

ወላጅም ቢሆን ልጁ ዘወትር ሲያንጐራጕር ቢሰማ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ብሎ ከመቆጣቱ በፊት ጥቂት ይታገሥ። ደብተሩን ያስይዘው፤ ዘፈኑን ግን አያስጥለው። ልጁ የያዘው ነገር ጨዋታ ይሁን ሥራ የሚለየው ጊዜ ብቻ ነው። ጨዋታ ከሆነ ሲደክመው ይተወዋል፤ ሥራ ከሆነ ግን ሣጥንም አንግቶ፥ ትሪም ይዞ አይተወውም።

ለቀረነው ለሁላችን ደግሞ የሚቀረን ትንሽ ነገር ነው። ነገ በመርካቶ በኩል ስናልፍ፥ ምናልባት ጫማችን አቧራ ጠጥቶ ከአንድ ልጅ ፊት እግራችንን እናስቀምጥ ይሆናል። ልጁ ብሩሹን በሣጥኑ ላይ ኳ ኳ ሲያደርግ እግራችንን እንለውጣለን። በዚያን ጊዜ ጋዜጣችንን ጥቂት ዝቅ አድርገን ፊቱን ብናየው፥ ስሙንም ብንጠይቀው ምን ይጐድልብናል? ዘፋኝ ላይሆን ይችላል። ነጋዴ ይሆን፥ መሐንዲስ ይሆን፥ ሐኪም ይሆን አናውቅም። የአሪዞና ክለብ ሙዚቀኞችም በዚያች ሌሊት ተላላኪያቸው ማን እንደሚሆን አላወቁም ነበር። እስኪዘፍን ድረስ ዝም ብለው ሰሙት እንጂ።